ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት

ሰርቨርና ኔትወርክ ላይ ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። "ጋሼ፣ አንዱ ቨርችዋል ማሽን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን። ሪስታርት ሲደረግ ይስተካከላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያው ነው።" (ቨርችዋል ማሽን ማለት ሆስት በሚባል አንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር ነው።) ጎበዝ ልጆች በዚህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ አድረው ጠዋት ሲወቀሱ አይቻለሁ። አንጀቴን ይበላኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ ሪስታርቱን ለጊዜው ተዉት። ሪስታርት ሲደረግ ብዙ ነገር አንድ ላይ ይቀየራል። ማሽኑ አይፒ አድራሻውን እንደ አዲስ ይጠይቃል፣ የአርፕ ሰንጠረዡ (የትኛው አይፒ የየትኛው ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር፣ እንደሆነ የሚይዘው) ይጸዳል፣ ስዊቹ ማሽኑ በየትኛው ፖርት በኩል እንዳለ እንደገና ይማራል፣ ተንጠልጥለው የቀሩ ኮኔክሽኖች ይዘጋሉ። ችግሩን ለጊዜው የሸፈነው ከእነዚህ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ ማወቅ አትችሉም፣ ምክንያቱም ማስረጃው አብሮ ጠፍቷል። አለቃ ከኋላ ቆሞ "ቶሎ በሉ እንጂ" ሲል መታገስ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም አምስት ደቂቃ ለምኑት።

በአምስቱ ደቂቃ ምን ትሠራላችሁ? ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ በኮንሶል (የማሽኑን ስክሪን ከሆስቱ በቀጥታ በሚያሳየው መስኮት) ግቡ፤ ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያው) በተቋረጠው ኔትወርክ በኩል ስለሚያልፍ አይጠቅማችሁም። ከማሽኑ ውስጥ ሆናችሁ ጌትዌዩን (ወደ ውጭ የሚያስወጣውን በር) ፒንግ አድርጉ፣ ማለትም መልስ ይሰጥ እንደሆነ ትንሽ ፓኬት ላኩለት። እዚያው ሆስት ላይ ያለ ሌላ ቨርችዋል ማሽንንም ፒንግ አድርጉ። ሆስቱ ራሱ ጌትዌዩን ያገኘው እንደሆነ እዩ። ሆስቱም ከተቋረጠ ቨርችዋል ማሽኑን መነካካት አቁሙና ወደ ኬብሉ፣ ወደ ኔትወርክ ካርዱ፣ ወደ ስዊቹ ሂዱ። ጎረቤት ማሽኖች እርስ በርስ እየተገናኙ ወደ ውጭ መውጣት ካቃታቸው ችግሩ ከቨርችዋል ስዊቹ ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ቪላን (ኔትወርኩን የሚከፋፍለው ቁጥር) ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ አንዱ ብቻ ከታመመ ደግሞ እዚያው አንዱ ላይ ቆዩ።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ አገር ይሄ በጣም ያሳስታል። ሠራተኛው "ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተቋረጠ" ይላችኋል። ሆስቱ 15:00 ብሎ መዝግቦታል። በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) የሚሠራው ማሽን ሎግ ላይ ደግሞ 12:00 ተጽፏል። ሦስቱም ስለ አንድ ቅጽበት ነው የሚያወሩት። ይህን ሳታስተካክሉ ሎግ ማገላበጥ ከጀመራችሁ ቀኑን ሙሉ የማይገናኝ ነገር ስታገናኙ ትውላላችሁ።

ሰዓቱ ሲሰበሰብ ደግሞ ራሱ መናገር ይጀምራል። መቋረጡ እኩል በሆነ ልዩነት የሚመላለስ ከሆነ የዲኤችሲፒ (አይፒ አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ኪራዩን፣ ማለትም አድራሻው የተሰጠበትን የጊዜ ገደብ እዩ። ማሽኑ አድራሻውን ለማደስ መጠየቅ የሚጀምረው የኪራዩ ጊዜ ሲጋመስ ነው፤ መልስ ካላገኘ ጊዜው እስኪያልቅ ይሞክርና አድራሻውን ይለቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብቻ ከሆነ የባክአፕ ሰዓታችሁን ጠይቁ። ስናፕሾት (ባክአፑ የሚያነሳው የማሽኑ ቅጽበታዊ ቅጂ) ሲጠፋ ማሽኑ ለአፍታ የሚደርቅበት ጊዜ አለ፤ ሥራ የሚበዛበትና ዲስኩ የዘገየ ማሽን ከሆነ ያቺ አፍታ ትረዝማለች፣ ኮኔክሽኑም ይበጠሳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ጉድጓድ ልምጣ። ክሎን። አንድ ጥሩ ማሽን ትሠሩና ትገለብጡታላችሁ፣ ምንም ችግር የለውም፣ ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንሠራው። ግን ማክ አድራሻው አብሮ ከተገለበጠ ሁለት ሰው አንድ መታወቂያ ይዞ አንድ ቀበሌ እንደመሄድ ነው፤ ስዊቹ ፓኬቱን አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ይሰጣል። ሁለቱም በየተራ ይቆራረጣሉ። የሁለቱን ማሽኖች ማክ አድራሻ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። ቨርችዋል ማሽን የሚያስነሱት ሶፍትዌሮች የየራሳቸው መነሻ አላቸው፤ በ08:00:27 የሚጀምር የቨርችዋልቦክስ ነው፣ በ52:54:00 የሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ የኬቪኤም፣ በ00:50:56 የሚጀምር የቪኤምዌር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች ቢመሳሰሉ አትደንግጡ፤ የኋለኞቹ ናቸው መለያየት ያለባቸው።

ከዚህ የሚብሰው የተደበቀው ነው። ማክ አድራሻው ተቀይሯል፣ ግን ሁለት የኡቡንቱ ማሽኖች አንድ አይፒ ይዘው ይገኛሉ። ልጆቹ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ አብዷል ይላሉ። አላበደም። ከ18.04 ወዲህ ያለው የኡቡንቱ ሰርቨር ለዲኤችሲፒ ራሱን የሚያስተዋውቀው ኢትሲ ፎልደር ውስጥ ካለው የማሽን መለያ ፋይል (/etc/machine-id) በተወሰደ ቁጥር ነው። ፋይሉ አብሮ ስለተገለበጠ ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ ደንበኛ አየ፣ አንድ አድራሻም ሰጠ። መፍትሔው ቴምፕሌቱን (የምትገለብጡትን ናሙና ማሽን) ስታዘጋጁ ያንን ፋይል ባዶ ማድረግ ነው፤ አትሰርዙት፣ ባዶውን ተዉት፣ ማሽኑ ሲነሳ አዲስ ይጽፍበታል። አይፒው ሌላ ባለቤት እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። የተጠረጠረውን ማሽን አጥፉና ከሌላ ቦታ አይፒውን ፒንግ አድርጉ። ከመለሰ አንድ ሰው እዚያ አድራሻ ላይ ተቀምጧል፤ ምናልባት አንድ ቀን በእጅ አይፒ የተሰጠው ፕሪንተር ይሆናል።

ሌላው ሰውን የሚያስለቅስ ችግር ፒንግ እየሠራ ሥራው የማይሠራበት ነው። ኤስኤስኤች ይገባል፣ ረጅም ነገር ሲያሳይ ይደርቃል። ዌብሳይቱ መከፈት ይጀምርና ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለውን ስታዩ ቶሎ ኤምቲዩን (በመስመሩ ሊያልፍ የሚችለውን የፓኬት ትልቁን መጠን) አስቡ። የተለመደው 1500 ባይት ነው። ማሽኖቹ በቪኤክስላን (ፓኬቱን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ በሚያሳልፍ ዘዴ) ውስጥ የሚያልፉ ከሆነ ግን መጠቅለያው 50 ባይት ይወስድና ለእናንተ 1450 ይቀራል። ትንሹ ፓኬት ያልፋል፣ ትልቁ መንገድ ላይ ይቀራል። እንዳይቆራረስ ከልክላችሁ በ1472 ባይት ፒንግ አድርጉ፤ 28 ባይት ሄደር ሲጨመርበት ልክ 1500 ይሆናል። እሱ አልፎ ካልሄደና 1422 ካለፈ ነገሩ ተገኘ። እባካችሁ፣ ለደኅንነት ብላችሁ አይሲኤምፒን (ፒንግና የኔትወርክ ስህተት መልእክቶች የሚጓዙበትን) ሙሉ በሙሉ ፋየርዎል ላይ አትዝጉ። "ፓኬትህ ትልቅ ሆኖብኛል" የሚለው መልእክት የሚመጣው በእሱ ነው፤ ስትዘጉት ማሽኑ ለምን እንደተከለከለ ሳያውቅ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ክላውድ ላይ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ሥራ ፈቶ የቆየ ኮኔክሽን ሲቆረጥ ታያላችሁ። ከምሳ ተመልሳችሁ ዳታቤዙ አይመልስም። የአማዞን ናት (NAT፣ ብዙ ማሽኖችን በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ የሚያወጣው ዘዴ) ጌትዌይ ለ350 ሰከንድ ምንም ያላለፈበትን ኮኔክሽን ይረሳል፤ የአዙር ሎድ ባላንሰር (ሥራውን ለማሽኖች የሚያከፋፍለው) ካልቀየራችሁት 4 ደቂቃ ነው የሚጠብቀው። ሊኑክስ ግን ኪፕአላይቭ ክፍት ቢሆንለት እንኳ "አለህ ወይ" ብሎ መጠየቅ የሚጀምረው ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው፣ 2 ሰዓት ሙሉ። ሁለቱ እንዴት ይስማማሉ? ያንን ቁጥር ዝቅ አድርጉት። ለኤስኤስኤችም በየ60 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ ንገሩት።

በላፕቶፕ ቤታችሁ የምትለማመዱ፣ ዋይፋይ ላይ ብሪጅ ሞድ (ቨርችዋል ማሽኑ በራሱ ማክ በቀጥታ ኔትወርኩ ላይ የሚወጣበት) እየተቆራረጠ ካስቸገራችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። አክሰስ ፖይንቱ በተለምዶ የሚቀበለው የተመዘገበለትን የላፕቶፑን ማክ ብቻ ነው። ናት ተጠቀሙ፣ ወይም ኬብል ሰኩ።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ ኔትወርክ አይደለም። ሆስቱ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ማሽኑ የሲፒዩ ተራ እየጠበቀ ነው። ሊኑክስ ውስጥ ቶፕን ክፈቱና የሲፒዩው መስመር መጨረሻ ላይ ያለውን "ስቲል" (st) የሚባለውን ቁጥር እዩት፤ ከፍ ብሎ ከቆየ ኔትወርኩን ተዉና ሆስቱን አቅልሉ።

ኢንተርኔት ላይ "ኦፍሎዱን ሁሉ አጥፋ፣ ድራይቨሩን ቀይር፣ ፋየርዎሉን ዝጋ" የሚል ምክር ታገኛላችሁ። (ኦፍሎድ ሲፒዩው ለኔትወርክ ካርዱ የሚተወው ሥራ ነው።) እኔ እንዲህ ያለውን ምክር አልወደውም። አንዱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኢ1000 የሚባለውን ቨርችዋል የኔትወርክ ካርድ በቨርትአይኦ ወይም በቪኤምኤክስኔት3 መቀየር በትክክል የሚረዳበት ጊዜ አለ። ግን ሦስቱን አንድ ላይ ስትቀይሩ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም፣ ሁለቱ ደግሞ ነገ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ። አንዱን ቀይሩ፣ ጻፉ፣ ጠብቁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተገኘ ቲሲፒደምፕን (የሚያልፉ ፓኬቶችን ፋይል ላይ የሚመዘግበውን መሣሪያ) ሁለት ቦታ ክፈቱ፣ ማሽኑ ውስጥና ሆስቱ ወደ ውጭ በሚወጣበት ካርድ ላይ። ከማሽኑ የወጣው ፓኬት ሆስቱ ላይ ካልታየ ጉዳዩ የእናንተው ነው። ከሆስቱ ወጥቶ መልስ ካልመጣ ግን ሁለቱን ፋይሎች፣ ሁለቱን አይፒዎችና ሰዓቱን በዩቲሲ አድርጋችሁ ለመስመሩ ወይም ለክላውዱ ባለቤት ላኩ። "ይቆራረጣል" ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ "ሪስታርት አድርጉት" ነው የሚሏችሁ።