ከቆየ ጎተራ የወጣ ሁለተኛ አልበም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የአሜሪካዊውን የካንትሪ ድምፃዊ የክሪስ ስቴፕልተንን የመጀመሪያ አልበም «ትራቭለር»ን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ቀጥሎ ያወጣውን ስሰማ ግን ዘፈኖቹ ጥቂት፣ አጃቢ ሙዚቃውም የሳሳ ሆነብኝ፤ ከዘፈኖቹም መካከል ዝነኛ ከመሆኑ በፊት የተጻፉ እንዳሉበት አነበብኩ። ታዲያ አዲስ ነገር ቢያጣ የተረፈውን ሰጠን ማለት ነው? እንደገና ባደምጠውስ ከየትኛው ልጀምር?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያስተዋሉት ልዩነት በእርግጥ አለ። «ትራቭለር» 14 ዘፈኖች ሲኖሩት፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 የወጣው «ፍሮም ኤ ሩም» ቁጥር አንድ የያዘው 9 ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የተከተለው ቁጥር ሁለትም እንዲሁ 9 ነው። «የተረፈውን ሰጠን» በሚለው ግን አልስማማም፤ ምክንያቴን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

ሁለተኛ አልበም ድምፃውያንን የሚያስጨንቃቸው ለመጀመሪያው የዕድሜ ልክ ክምችታቸውን ይዘው ስለሚገቡ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው ግጥምና ዜማ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አሳታሚውም አድማጩም ሌላ ሥራ በቶሎ ይጠብቃሉ፣ ድምፃዊው ደግሞ ያንን ጊዜ የሚያሳልፈው ከከተማ ከተማ እየዞረ በመድረክ ላይ ነው። የስቴፕልተን ጎተራ ግን በአንድ አልበም የሚራቆት አልነበረም።

የኬንታኪው ተወላጅ የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ ወደሆነችው ናሽቪል ከተማ የገባው ምሕንድስና ለመማር ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ትቶ ለሌሎች ድምፃውያን ዘፈን መጻፍን መተዳደሪያው አደረገ። ኬኒ ቼስኒ፣ ጆርጅ ስትሬትና ሉክ ብራያን ከእርሱ ብዕር የወጡ ሥራዎችን ተጫውተዋል፤ በመካከሉም ስቲልድራይቨርስ በተባለ የብሉግራስ (በባንጆና በቫዮሊን መሰል የክር መሣሪያዎች የሚታጀብ የካንትሪ ዘመድ ሙዚቃ) ባንድ መሪ ድምፃዊ ሆኖ ሠርቷል። በ2013 በራሱ ስም ያወጣው ነጠላ ዜማ እምብዛም ስላልተሰማ፣ ሊከተለው የነበረው አልበም ሳይወጣ ቀረ። «ትራቭለር» በ2015 ሲወጣ ዕድሜው 37 ደርሶ ነበር፤ አልበሙን ወደ ቢልቦርድ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ አንደኛነት ያወጣውም በዚያው ዓመት ኖቬምበር በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የሽልማት መድረክ ላይ ከጀስቲን ቲምበርሌክ ጋር «ቴነሲ ዊስኪ»ን ሲጫወት የተመለከተው ሕዝብ ነው። ያ ዘፈን ራሱ ደግሞ አዲስ አልነበረም፤ ዴቪድ አለን ኮ በ1981፣ ጆርጅ ጆንስም በ1983 ተጫውተውታል። የዘፈን ዕድሜ ጉድለት የሚሆን ከሆነ፣ እርስዎ የወደዱት የመጀመሪያው አልበምም በዚሁ ይከሰሳል ማለት ነው።

ከሁለተኛው አልበም «አይዘር ዌይ»ን ይውሰዱ። ስቴፕልተን ከሌሎች ጋር ሆኖ ጽፎት በ2008 ሊ አን ዎማክ የተጫወተችው ዘፈን ነው። ፍቅራቸው አልቆ አሁንም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚኖሩ ባልና ሚስት የሚናገር ሲሆን፣ ተናጋሪው አንቺ ብትሄጂም ብትቀሪም ለእኔ ያው ነው ይላል። ስቴፕልተን ይህንን ከአንድ ጊታር በቀር ምንም አጃቢ ሳይጨምር ነው ያዜመው። እርስዎ ሳሳ ያሉት ነገር ለእኔ የዘፈኑ ጉልበት ነው፤ ባዶ የሆነን ቤት በተጨናነቀ ሙዚቃ መግለጽ አይቻልምና፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ሲሰነጠቅ የሚሸሸግበት ነገር አለመኖሩ ነው ልብ የሚነካው። ይኸው ዘፈን በ2018 በካንትሪ ዘርፍ የብቸኛ ድምፃዊ የግራሚ ሽልማትን ሲያስገኝለት፣ አልበሙም የዓመቱ ምርጥ የካንትሪ አልበም ተብሏል።

«ከኤ ክፍል» እንደማለት የሆነው የአልበሙ ስምም ስለ አሠራሩ ይናገራል። «ኤ» የምትለው ፊደል ናሽቪል የሚገኘውን አርሲኤ ስቱዲዮ ኤን ታመለክታለች። በ1960ዎቹ የተሠራው ይህ ሰፊ አዳራሽ በ2014 ሊፈርስ ተቃርቦ በሙዚቀኞችና በቅርስ ተቆርቋሪዎች ጥረት የተረፈ ሲሆን፣ «ትራቭለር»ም በአብዛኛው የተቀዳው እዚያው ነበር። ድምፃዊው ከስኬቱ በኋላ ስቱዲዮውንም፣ ፕሮዲውሰሩን ዴቭ ኮብንም፣ አብራው የምታዜመውን ባለቤቱን ሞርጋንንም አልለወጠም። የለመደውን ቤት ይዞ የቆየን ሰው ሐሳብ አጥቷል ብዬ አልፈርድበትም።

ቅሬታዎን ሙሉ በሙሉ ግን አልጥለውም። ቁጥር ሁለት በእኔ ጆሮ የቁጥር አንድን ያህል አይመዝንም፤ ከሁለቱ ጠንካሮቹ ዘፈኖች ተመርጠው አንድ አልበም ቢሆኑ ኖሮ የተሻለ ነበር ብዬ አምናለሁ።

እንደገና ለማድመጥ ከቁጥር አንድ ይጀምሩ፤ «ብሮክን ሄሎስ»ን አስቀድመው የባልና የሚስቱን ድምፅ አብሮነት ይስሙ፣ «አይዘር ዌይ»ን ደግሞ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ማታ ቢሆን ይመረጣል።