ጣናን ለመጠበቅ ከየት እንጀምር? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በሽምብጥ አካባቢ የምንኖር አሥራ ሁለት ወጣቶች ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ እምቦጭ ለመንቀል ተስማምተናል። ምን ያስፈልገናል? የተነቀለውንስ የት እናድርሰው?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመንቀል በፊት ቅኝት ይቅደም። እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ክፉኛ የተጎዳው ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ማለትም የደምቢያ፣ የጎንደር ዙሪያ፣ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ወገን ነው። እናንተ ባላችሁበት በደቡቡ ዳርቻ የሚበጀው ነፋስና ማዕበል የሚያመጣውን ጥቂት ተክል ሳይባዛ ማግኘት ነው። ምቹ ሁኔታ ካገኘ እምቦጭ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሥራ ሁለታችሁም በወር አንዴ ከምትወጡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ በየሳምንቱ ዳርቻውን ብትቃኙ የበለጠ ትጠቅማላችሁ። ብዙ ካገኛችሁ ያን ጊዜ ሁላችሁም ውጡ።

ተክሉን ከሌላው ለዩ። የእምቦጭ ቅጠል ከውሃው በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አንገቱ አየር የሞላው እብጠት አለው፣ አበባው ሐምራዊ ነው። የውሃ አበባ ግን ቅጠሉ ውሃው ላይ ይተኛል፣ ሥሩም ከታች ጭቃውን ይዟል፤ እሱን አትንኩት። ደንገልና ፊላንም እንዲሁ። በዘመቻ ግርግር ደንገል አብሮ ሲነቀል ማየት ያሳዝናል፤ ከጎርፍ ጋር የሚመጣውን ደለል የሚያስቀረው፣ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ የሚሆነው እሱ ነውና።

እምቦጭን በገጀራ አትቁረጡት። ተክሉ ከጎኑ በሚያወጣው ቀጭን ግንድ ላይ ልጅ እየወለደ ስለሚባዛ የተቆራረጠው ክፍል በውሃው ተወስዶ ሌላ ቦታ ይበቅላል። መጀመሪያ ክዳናቸው የተዘጋ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በየአንድ ሜትሩ የታሰሩበት ገመድ በክምችቱ ዙሪያ ዘርጉ፤ ይህ የሚያፈተልከውን ይይዛል። ከዚያ ከዳር ወደ መሃል ሳይሆን ከሐይቁ ወገን ወደ ዳር እየገፋችሁ በመንሽ ከነሥሩ አውጡ። በመጨረሻም የወዳደቀውን በእጅ ልቀሙ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን የመጨረሻውን ለቀማ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ እዚያው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው ምክንያት ዘሩ ነው። ጭቃ ውስጥ የገባ የእምቦጭ ዘር እስከ ሃያ ዓመት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ሐይቁ ከመስከረም በኋላ እየጎደለ ሄዶ ግንቦት ላይ ዝቅ ሲል፣ በተገለጠው ጭቃ ላይ ጣት የምታህል ቡቃያ ትታያለች። በዚያን ጊዜ በእጅ መልቀም ቀላል ነው። የጸዳውን ቦታ በየሦስት ሳምንቱ ተመለሱበት።

የተነቀለው ከአሥር እጁ ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ዳር ላይ ከተዋችሁት ክረምት ሲመጣ ሐይቁ መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ የመስከረሙ ውሃ ከሚደርስበት ምልክት በላይ አውጥታችሁ በስሱ አስጡት። ያበበውን ወይም ፍሬ የያዘውን ሲደርቅ አቃጥሉት። ያላበበውን ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ቀን አጠውልጋችሁ በጣት ርዝመት ቆራርጡ፣ ሦስት እጅ እምቦጭ ከአንድ እጅ የከብት እበት ጋር እያነባበራችሁ አንድ ሜትር ተኩል ስፋትና ከአንድ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ያለው ክምር ሥሩ። ከዚህ ያነሰ ክምር አይሞቅም። በሳምንቱ መሃሉ ላይ የተሰካ እንጨት ሲወጣ እጅ የሚለበልብ መሆን አለበት፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ደርቋል ወይ በውሃ ታፍኗል። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት፣ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ከሐይቁ ራቅ ላለ ማሳ ብቻ ይዋል። ከብት እምቦጭ መብላቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሆዱን የሚሞላው ውሃ ነው፣ ዋና መኖ አታድርጉት።

አሁን ስለ ራሳችሁ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ባለች፣ በቆዳ በኩል በምትገባ ትል የሚመጣ በሽታ፣ አለ። አስተላላፊዋ ቀንድ አውጣ ዳር ዳሩን ከውሃ ተክል ጋር ትኖራለች፤ ትሏ በብዛት የምትለቀቀው ፀሐይ ሲበረታ ነው። ጉማሬ ደግሞ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃ ይመለሳል፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ሁለቱን ለመሸሽ የሚሻለው ሰዓት ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 4፡00 ነው። እስከ ጭን የሚደርስ ቦቲና የጎማ ጓንት ያስፈልጋል፤ ለሁላችሁ ካልበቃ ቦቲ ያላቸው ብቻ ውሃ ይግቡ፣ ሌሎቹ ይሸከሙ። ውሃ የነካው ሰው ከሁለት ወር በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰገራ ይመርመር፤ ቀደም ብሎ ቢመረመር እንቁላሉ ላይታይ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ወፎችን መመዝገብ እፈልጋለሁ፣ ግን አቅርቦ ማሳያ መነጽር የለኝም። ያለ መነጽር የምሠራው ነገር ዋጋ አለው?
(ከባሕር ዳር፣ ፔዳ ግቢ)

መልስ፦ አለው፣ በአንድ ቦታ ከጸናህ። ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት አንድ ቋሚ ነጥብ ምረጥ። በየሁለት ሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለሠላሳ ደቂቃ ቁጠር። ቀኑን፣ የጀመርክበትንና የጨረስክበትን ሰዓት፣ ነፋሱን፣ በአካባቢው የነበረውን ጀልባና ሰው ጻፍ። ምንም ካላየህም “ዜሮ” ብለህ መዝግብ፤ ወፍ ከአንድ ቦታ መጥፋቷ የሚታወቀው በዚህ ዜሮ ነው። ያለ መነጽር በቀላሉ የሚለዩ አሉ፦ ፔሊካን፣ ይብራ፣ ዓሣ አዳኙ ንሥር፣ ባለዘውዱ ክሬን። መንጋ ሲሆን አሥሩን ቆጥረህ አሥር ወፍ የሚይዘውን ስፋት በዓይንህ ያዝ፤ ከዚያ ያ ስፋት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቁጠር። ያልለየኸውን “ያልታወቀ” በለው። በግምት የተጻፈ ስም መዝገቡን በሙሉ ያበላሻል።

መነጽር ለመግዛት ስትበቃ 8 በ42 የሚባለውን ፈልግ፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ከዚያ በላይ የሚያቀርብ በእጅ ሲያዝ ይንቀጠቀጣል።

በየዓመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ዘንድ ስለ በጎ ፈቃደኝነት ጠይቅ። ጥር የተመረጠው ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ወፎች በዚያን ጊዜ ረግተው ስለሚቀመጡ ነው። የጊልገል ዓባይ መግቢያ ረግረጎችና የፎገራ ሜዳ በዚያ ወቅት ክሬን የሚሰበሰብባቸው ናቸው። ቀርበህ ፎቶ ለማንሳት አትጓጓ። ወፏ መልቀም አቁማ አንገቷን ካቀናች በጣም ቀርበሃል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተመለስ። በክረምት ደግሞ የባለዘውዱ ክሬን ጎጆ ባለበት ረግረግ ከነጭራሹ አትግባ።

ጥያቄ፦ በክረምት ገበያ ላይ እንቁላል የሞላው ቢልጫ የተባለ ዓሣ በብዛት ይመጣል። መግዛቱ ጉዳት አለው? እኛ ገዢዎችስ ምን ማድረግ እንችላለን?
(ከወረታ)

መልስ፦ ጉዳት አለው። በጣና 17 የታላላቅ ቢልጫ ዝርያዎች ሲኖሩ፣ 15ቱ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ ሌላ ቦታ የላቸውም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ፣ በተለይ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ጊልገል ዓባይ ወጥተው ጠጠር ባለበት ፈሳሽ ውሃ ይራባሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያ ሰዓት ወንዙን አቋርጦ የተዘረጋ መረብ አንድ ዓመት ሙሉ ሊወለድ የሚችለውን በአንድ ሌሊት ያነሳል። የተፈጨ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ መበተን ከዚህም ይብሳል፤ ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ያሰክራል፣ ጫጩቱንም ይፈጃል። ከእነዚሁ ወንዞች አሸዋና ጠጠር ማውጣትም የእንቁላሉን መኝታ ያጠፋል።

በእነዚህ ወራት ሆዱ የተነፋ ቢልጫ አይግዙ፤ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይጠይቁ። ለሻጩም ምክንያቱን ይንገሩት። አጥማጁን በጠላትነት ማየት ግን አይገባም፤ ከወንዙ አፍ ሲርቅ የሚጎድልበት የዕለት ገቢ ነው። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የዓሣ ባለሙያ አቤት ሲሉ መረቡ የተዘረጋበትን ቦታና ቀኑን ያመልክቱ፤ ባለሙያው ሄዶ ማየት የሚችለው ቦታው በትክክል ሲነገረው ነው።

ጥያቄ፦ በደብራችን ቅጥር ግቢ ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ 300 ችግኝ ተከልን። አሁን የቀረው ከሃምሳ አይበልጥም። ምን አጠፋን?
(ከደቡብ ጎንደር፣ የሰንበቴ ማኅበር)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥፋት ጊዜው ነው። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥሩን ሳያወርድ ዝናቡ ያልቅበታል። ጉድጓዱ በግንቦት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይቆፈር፤ ችግኙ አፈሩ አንድ ክንድ ያህል ከራሰ በኋላ፣ ቢዘገይ እስከ ሐምሌ 20 ይተከል።

ከደረቁት ጥቂቶቹን ነቅላችሁ እዩ። ፕላስቲኩ አብሮ ከተቀበረ፣ ወይም ሥሩ እንደ ምንጣፍ ከተጠቀለለ፣ መልሱን አገኛችሁ። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይቀደድ፣ ከታች የተጠቀለለውም ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል በስለት ይቆረጥ። ግንዱ ከአፈር የተገናኘበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን። ደረቅ ሣር ይልበስ፣ ግን ግንዱን አይንካ፤ ከነካ ምስጥ ይጠራል። በመስከረም መጨረሻ ዙሪያውን አንድ ሜትር አርሙ።

ሁለተኛው ከብት ነው። ድንጋይ ካለ ካብ ካቡ። በዚያው በደቡብ ጎንደር ያሉ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ካብ ከተሠራላቸው በኋላ ራሳቸው ዘርተው ያበቀሉት ቡቃያ ሲያድግ ታይቷል። ካቡ ካለ፣ 300 ችግኝ ከመትከል መቶ ተክሎ መንከባከብ ይበልጣል። ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዶቅማና ብሳና ምረጡ፤ ባሕር ዛፍ በቅጥሩ ውስጥ አይግባ። ወይራውን ራሳችሁ ከዘራችሁ፣ የፍሬውን ጠንካራ ቅርፊት ጫፍ ሰንጥቁ፤ አለበለዚያ ለወራት አይበቅልም።

እንደ ዘጌ ከዛፍ ሥር ቡና ያላችሁ አንባቢዎች ሌላ ጥንቃቄ አለባችሁ። ቡና ሲታረም የዛፍ ቡቃያውም አብሮ ይታጨዳል፣ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅም ተተኪ አይኖርም። ከአረም በፊት በየአሥር ሜትሩ አንድ የአገር ዛፍ ቡቃያ መርጣችሁ ነጭ ጨርቅ ያሰራችሁበትን እንጨት አጠገቡ ትከሉ፤ ለአራሚውም አሳዩት።