ስክሪኑ ሲጠቁር እስከ 20 ቁጠሪ

ጥያቄ፦ የጽሕፈት ሥራ ነው የምሠራው። ያገለገለ ባለ 22 ኢንች ፍላት ሞኒተር ገዛሁ። ሬዞሉሽኑ (የስክሪኑ ነጥቦች ብዛት) 1920 በ1080 ላይ ነበር፤ ፊደሉ ስላነሰብኝ ወደ 1280 በ720 አወረድኩት። ተለቀ፣ ግን ደበዘዘ። ማታ ማታ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ይሻላል ብዬ ሪፍሬሽ ሬቱን (ምስሉ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) 75 ኸርዝ ሳደርገው ደግሞ ስክሪኑ ጠቁሮ «አውት ኦፍ ሬንጅ» አለ። ደንግጬ የሞኒተሩን ገመድ ነቀልኩት። መልሼ ስሰካው ሠራ። ጎድቼው ይሆን?

መልስ፦ አልጎዳሽውም እህቴ፣ አይዞሽ። ያ ጽሑፍ ሞኒተሩ «ይህን ማሳየት አልችልም» ማለቱ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንግ ስትቀይሪ «ይሁን ወይስ ልመልሰው?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ በ15 ሴኮንድ ራሱ ይመልሰዋል። አንቺ ነቅለሽ እስክትሰኪ እሱ መልሶታል። ሌላ ጊዜ ሲጠቁርብሽ ኪቦርዱንም ማውሱንም ሳትነኪ እስከ 20 ቁጠሪ።

75 የማድረግ ልማድ ከድሮው፣ ጀርባው ትልቅ ሞኒተር የመጣ ነው። እሱ በ60 ኸርዝ ስለሚርገበገብ ከፍ እናደርገው ነበር። ፍላቱ እንደዚያ አይርገበገብም፤ ለጽሑፍ ሥራ 60 ይበቃዋል።

ፊደሉን ያደበዘዘው ሬዞሉሽኑ ነው። የፍላት ሞኒተር ነጥቦች ከፋብሪካ ሲወጡ ተቆጥረው ያለቁ ናቸው። 1280 ስትዪው አንዱን ነጥብ በአንድ ተኩል ነጥብ ላይ መዘርጋት አለበት። ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ደግሞ የለም። ስለዚህ የፊደሉን ጠርዝ በደብዛዛ ቀለም ይሞላዋል። ይህ በእኛ ፊደል ላይ ይብሳል። «በ»ን ከ«ቡ» የምትለየው ከጎን ያለችው ትንሽ ጭረት ናት። እሷ ከደበዘዘች የሰው ማመልከቻ ላይ ስህተት ያመልጥሻል።

ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቢ። ሬዞሉሽኑን ሪኮመንድድ የሚለው ላይ መልሺው። ፊደሉን የምታሳድጊው «ስኬል» በሚለው ነው፤ 125 በመቶ ሞክሪ፣ ካነሰሽ 150። አሁን ፊደሉ አይለጠጥም፣ በብዙ ነጥብ እንደ አዲስ ይሣላል። የሚያስቸግርሽ ዎርድ ላይ ብቻ ከሆነ ኮንትሮልን ተጭነሽ የማውሱን ጎማ ማዞር ይበቃል። ሲታተም መጠኑን አይቀይረውም።

ኬብልሽ ቪጂኤ (ጫፉ ግራና ቀኝ በብሎን የሚጠብቀው የድሮ ገመድ) ከሆነና አሁንም ጥላ ካየሽ፣ በጽሑፍ የተሞላ ነጭ ገጽ ስክሪኑን ሙሉ ክፈቺና የሞኒተሩን «አውቶ» ቁልፍ ተጫኚ። ጥቁር ዎልፔፐር ላይ ከተጫንሽው የምስሉን ዳር ማግኘት ያቅተውና ወደ ጎን ሊያንሸራትተው ይችላል።

ለማታው ቃጠሎ ብራይትነሱን እዪ። አንድ ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ያዢ። ስክሪኑ ከወረቀቱ በልጦ እንደ አምፖል ካበራ፣ እስኪመሳሰሉ ቀንሺው። ጠዋት በመስኮት ብርሃን ሲገባ መልሰሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ።