ባንክ ልግባ ወይስ ሰው ልርዳ? የወጣት ሕግ ባለሙያዎች ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከሕግ ምሩቃንና ሙያውን ገና ከጀመሩ ልጆች ናቸው። አምስት ዓመት ተምረናል፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈናል፣ ለሰው የሚጠቅም ሥራ መሥራት እንፈልጋለን፣ ግን በየት በኩል እንግባ የሚል ነው የብዙዎቹ ጭብጥ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬ ስምንቱን መርጫለሁ።

«ተመርቄ ሥራ ከፈለግኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ምኞቴ ሰብዓዊ መብት ላይ መሥራት ነበር፤ የተገኘው ግን የባንክ ነገረ ፈጅነት ነው። ብገባ ዓላማዬን የከዳሁ ይመስለኛል።» (ከሐዋሳ)

ግባ ወንድሜ። ምንም የከዳኸው ነገር የለም። ባንክ ውስጥ የምትማረው ነገር ከባንኩ ውጪ ላለው ሰው በጣም ያስፈልገዋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ ካልተመለሰለት በመያዣ የያዘውን ቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ይህን ሂደት ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው፣ ነገ አንዲት እናት ቤቷ ሊሸጥባት ሲል መጥታ ብታለቅስ ምን እንደሚጠይቃት ያውቃል። ማስጠንቀቂያው ደርሶሻል ወይ? የመያዣ ውሉ ላይ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው? ቤቱ የጋራ ከሆነ ባልሽም ተስማምቶ ፈርሟል ወይ? እነዚህን የማያውቅ ጠበቃ አብሯት ከማልቀስ በቀር የሚያደርግላት ነገር የለም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ባንኮች ለሠራተኛ በአነስተኛ ወለድ የቤትና የመኪና ብድር ይሰጣሉ። ጥሩ ጥቅም ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጆችን መውጣት በፈለጉበት ሰዓት አስሮ ያስቀረውም እሱ ነው። የብድር ውሉ ላይ ከመፈረምህ በፊት እዚያ ስንት ዓመት መቆየት እንደምትፈልግ ከራስህ ጋር ጨርስ።

«የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ላመለክት ስል እናቴ "ለሌባና ለነፍሰ ገዳይ ጥብቅና ልትቆም ነው ያስተማርኩህ?" ብላ ተቆጣች። ምን ልበላት?» (ከአዲስ አበባ)

ለእናትህ አንቀጽ አትጥቀስላት። የሰፈራችሁ ልጅ ባልሠራው ነገር ቢያዝ፣ ቤተሰቡም ጠበቃ የሚያቆምበት ገንዘብ ባይኖረው ማን እንዲቆምለት እንደምትፈልግ ጠይቃት። ከዚያ ዝም በል፣ ታስብበት።

አንቀጹ ላንተ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደቱ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ከሆነም ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ይላል። ይህ ቃል ወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርጉት ደሞዛቸው ትንሽ፣ መዝገባቸው ብዙ የሆነ ሰዎች ናቸው። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከየትኛውም የሙያው ክፍል ይበልጣል።

ሥራው ግን ከባድ ነው፤ አልደብቅህም። ደንበኛህን ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት በር ላይ ካቴና እንደታሰረ የምታገኝበት ቀን ይኖራል፤ ጊዜህም ደቂቃዎች ናቸው። ያኔ «አድርገሃል ወይስ አላደረግክም?» ብለህ አትጀምር። መቼ ተያዝክ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ንገረኝ በለው፤ ምክንያቱም በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረበት። ቃል የሰጠኸው በምን ቋንቋ ነው በለው። አማርኛ በቅጡ የማይሰማ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ቃል ላይ ፈርሞ ሊገኝ ይችላል፤ የፈረመው ነገር ተነቦለትና ተተርጉሞለት እንደሆነ ካልጠየቅከው እሱ ራሱ ላያነሳው ይችላል። ቤት ውስጥ ማን እንዳለውም ጠይቅ።

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ለወሬ አይደለም። ከሥራህ ትልቁ ክፍል ሰው በነፃ ማሰናበት ሳይሆን ጥፋቱና ቅጣቱ እንዲመጣጠን ማድረግ ነው። ሰውዬው ከዚህ በፊት ተከሶ የማያውቅ፣ የአራት ልጆች አባት፣ የታመመች እናት ጧሪ ከሆነና ይህን የሚያሳይ የወረዳ ደብዳቤ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት መዝገቡ ውስጥ ከገባ፣ ዳኛው ቅጣቱን የሚያቀልበት ነገር እጁ ላይ ይኖረዋል። ደብዳቤውን የሚያመጣ ሰው ካልተገኘ ግን ሰውዬው እንደ ብቸኛ ሰው ይፈረድበታል። እናትህ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ጉዳይ ብትሰማ ትመርቅሃለች ብዬ አምናለሁ።

«ሴቶችን የሚረዳ ድርጅት ውስጥ መሥራት እፈልጋለሁ። ግን ሁሉም "ኤንጂኦ ዋስትና የለውም" ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከድሬዳዋ)

እውነት ነው፣ እህቴ። ግን ታሪኩን ሙሉውን ስሚ።

የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲመሠረት አንዱ የያዘው ጉዳይ የአበራሽ በቀለ ነበር። የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገደለች፤ ተከሰሰችም። ማኅበሩ ጠበቃ አቆመላትና ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀች። በዚያን ጊዜ የነበረው የ1949ኙ የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበት መንገድ ነበረው። እነዚያ ሴቶች አንድ መዝገብ አሸንፈው ቤታቸው አልገቡም፤ ዓመታት ወተወቱ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መጣ፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘጋው። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች።

በመሐል ደግሞ የ2001ዱ የበጎ አድራጎትና የማኅበራት አዋጅ ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ማኅበሩ ክፉኛ ተዳከመ። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካው በሩ እንደገና ተከፈተ። እንግዲህ የሚሉሽ ሰዎች አልዋሹም፤ አንድ አዋጅ ሥራሽን ሊያሳጣሽ ይችላል። ችሎታሽን ግን አይወስድብሽም። ስለዚህ ስትገቢ የፕሮጀክት ሪፖርት ጸሐፊ ብቻ ሆነሽ እንዳትቀሪ። ችሎት የሚያስገባ፣ የቀለብና የንብረት ክፍፍል ክስ የሚያስጽፍ ቦታ ጠይቂ። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳን ያንን ይዘሽ የትም ትሄጃለሽ።

«አሁኑኑ ማስተርስ ልቀጥል?» (ከጅማ)

ምን ላይ መሥራት እንደምትፈልግ ካላወቅክ አትቀጥል። ሁለት ዓመት ሥራ ላይ ቆይ፣ ጥያቄው ራሱ ይመጣልሃል። መምህር መሆን ከፈለግክ ግን አትዘግይ።

«አራት ጓደኛሞች ነን። ቴሌግራም ላይ በነፃ የሕግ ምክር መስጠት ጀምረናል። አስተያየት?» (ከባሕር ዳር)

ልባችሁን ወድጄዋለሁ፤ ግን ስጋት አለኝ። አንድ ሰው «ያለ ጥፋቴ ከሥራ ተባረርኩ» ብሎ ይጽፍላችኋል። እናንተ ለፈተና እያጠናችሁ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት ትመልሱለታላችሁ። «መጀመሪያ በሽምግልና ሞክር» ትሉታላችሁ፤ እሱም ይሞክራል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደሞዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ እንደሚታገድ ማንም ሳይነግረው ቀኑ ያልፋል። በቅን ልብ የተሰጠ ምክር ሰውዬውን ከነመብቱ አስቀረው ማለት ነው።

ስለዚህ ለማንኛውም ጠያቂ መጀመሪያ የምትጽፉት «የስንብት ደብዳቤው የደረሰህ መቼ ነው?» የሚል ይሁን። ጠቅላላ ትምህርት ስጡ፣ በደንብ ስጡ። የግለሰብ ጉዳይ ሲመጣ ግን ፈቃድ ስለሌላችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ምሩት፤ ቢቻል አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ። የዳኝነት ክፍያ አጥቶ ክሱን የተወ ሰው ካገኛችሁ ደግሞ ክፍያውን ሳይከፍል በደሃ ደንብ መክሰስ እንደሚቻል ንገሩት። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ ከ1958 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ የማያውቀው ሰው ብዛት ያሳዝናል። ፈቃድ ስታወጡ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ማገልገል የጠበቃ ግዴታ ሆኖ እንደኖረም አትርሱ። እናንተ ቀድማችሁ ጀምራችሁታል።

«ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አገር ቤት ዳኛ ነበርኩ፤ እዚህ ኡበር እየነዳሁ ዓመታት አለፉ። ወደ ሙያዬ የምመለስበት መንገድ ይኖራል?»

አለ፣ ጋሼ። ሁለት መንገድ ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ረጅሙ ነው። የኒው ዮርክን የጠበቃ ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ ከውጭ የተማረ ሰው የትምህርቱ ርዝመትና ዓይነት ይታያል። የእኛ ሕግ በአብዛኛው ከአውሮፓ ኮዶች የመጣ ስለሆነ እዚያው እውቅና ባለው የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ማስተርስ መማር ያስፈልጋል። ክፍያው ከባድ ነው። ስኮላርሺፕ ሳይጠይቁ እንዳይመዘገቡ።

ሁለተኛውን ብዙ የአገራችን ሰው አያውቀውም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና በሰጠው ለትርፍ ያልተቆመ ድርጅት ውስጥ ሆነው፣ የጠበቃ ፈቃድ ሳይኖርዎ፣ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው መወከል የሚችሉበት አሠራር አለ። ከፊል እውቅና በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ፊት ያስቆማል፤ ሙሉው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤትም ያስገባል። የእርስዎ ልምድ እዚህ ወርቅ ነው። ጥገኝነት ጠያቂዋ «በ2010 ታሰርኩ» ትላለች፤ አስተርጓሚው 2010 ብሎ ይጽፋል፤ በእነሱ አቆጣጠር ግን 2017 ወይም 2018 ነው። በኋላ ከሌላ ሰነድ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ዋሸች ትባላለች። እርስዎ ቃሉን ሲሰሙ ወዲያው «በማን አቆጣጠር?» ይላሉ። የጥገኝነት ማመልከቻ አገሩ በተገባ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም ሳይዘገዩ ይነግሯታል።

እውቅናው ሳይኖርዎ ግን በቤትዎ ቅጽ እየሞሉ፣ እያማከሩ ገንዘብ አይቀበሉ። ሕገወጥ ነው፤ ወገንንም ይጎዳል።

«ደቡብ ወሎ ውስጥ የወረዳ ዳኛ ነኝ። ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። ሕይወቴ እዚህ ያለቀ ይመስለኛል።»

አላለቀም። መሬት፣ ቀለብ፣ ውርስ፣ ድንበር፤ የአብዛኛው ገበሬ ነገር የሚጀመረው አንተ ችሎት ነው፤ ለብዙው ደግሞ እዚያው ነው የሚያልቀው፤ ይግባኝ የሚሄድበት የትራንስፖርት ገንዘብ የለውማ። የመሬት ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ አብሮ ተለጥፎ ሳለ ሚስትን ባዶ እጇን ለመሸኘት ሲሞከር «ደብተሩን አምጡት» የምትለው አንተ ነህ። ፍርድህን በምክንያት ጻፈው። አንድ አንቀጽ ጠቅሶ «ስለሆነም ወስነናል» ብሎ መዝጋት አይበቃም፤ የተሸነፈው ወገን አስነብቦ ለምን እንደተሸነፈ የሚገባው ዓይነት ይሁን። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች የሚታተሙባቸውን ቅጾች ተከታተል፤ ውሳኔዎቹ አስገዳጅ ናቸው።

ደግሞ ከአቅምህ በላይ ከሆነ፣ ቤተሰብህ ከተጎዳ ወይም ለደህንነትህ የሚያሰጋ ነገር ካለ ዝውውር መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን ጓደኞችህን አይተህ አትሂድ።

«ጠበቃ ቢሮ በረዳትነት እሠራለሁ። አለቃዬ ፖስታ ሰጥቶኝ "ለመዝገብ ቤቱ ልጅ አድርስለት" አለኝ። አደረስኩ። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሥራውን እንዳልለቅ ደግሞ የልምድ ደብዳቤው ያስፈራኛል።»

እንቅልፍ ማጣትህ ደህና ሰው እንደሆንክ ይነግረኛል። ሁለተኛ ፖስታ ግን አትያዝ። በጉቦ ሰጪውም፣ ተቀባዩም፣ አቀባዩም ይጠየቃሉ፤ ሲያዝ ደግሞ እጁ ላይ የሚገኘው የተላላኪው ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» ይሉሃል። ሁሉም አያደርገውም። መዝገባቸውን በትዕግሥት ተሰልፈው የሚያወጡ፣ ቀጠሮ ቢራዘምባቸውም እጃቸውን የማይዘረጉ ጠበቆች በየፍርድ ቤቱ አሉ፤ አንዱን ፈልገህ ሥር ተማር።

ነገ ቢሮ ስትገባ ብዙ አታውራ። «ሰነድ አደርሳለሁ፣ ይህን ግን አላደርስም» በል። ከዚያ ከዚህ ቢሮ ጋር ግንኙነት የሌለውን አንድ ጠበቃ ለብቻህ አማክር፤ ያለፈውን አንድ ሳታስቀር ንገረው፤ መጠቆምም ሆነ ሌላ እርምጃ መውሰድ ካለብህ ከእሱ ጋር ወስን። ሥራውን ለመልቀቅ የልምድ ደብዳቤው እንደሚያስፈራህም ጽፈሃል። ሠራተኛ ሲጠይቅ የሥራ ምስክር ወረቀት መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው። ጥያቄህን በጽሑፍ አድርገው፣ ቀን ጻፍበት፣ ቅጂው ላይ አስፈርምና ለራስህ አስቀር።