ለፋሲካ በሳር ያደገ በሬ ለጠየቅሽን እህት

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ከውጭ ተመልሰሽ ጎንደር ማራኪ ሰፈር መኖር ከጀመርሽ ዓመት አልሞላሽም፤ ለፋሲካ ከጎረቤት ጋር ቅርጫ ልትገቡ አስባችኋል፤ ፋጉሎ ያልቀመሰ፣ ሳር ብቻ ግጦ ያደገ በሬ ከገበሬው እጅ የት ይገኛል ነው ያልሽው። ባለፈው የገዛሽው ሥጋ ጮማው ቢጫ ሆኖብሽ "የታመመ ነው" ብለሽ ግማሹን መጣልሽንም ጽፈሻል። እሱ እንኳ አንጀቴን በላው።

እኔ ደንቢያ ከብት እየጠበቅሁ ነው ያደግሁት፤ አሁን ኑሮዬ አዘዞ ነው። ለሰፈራችን ቅርጫ በሬ መርጦ ማምጣት ከጊዜ ብዛት የእኔ ሥራ ሆኗል። ደመወዝ የለውም፣ ሥጋው ከጠነከረ ግን ስድብ አለው።

የማይጥምሽን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ለፋሲካ የሳር በሬ አትፈልጊ። አታገኚውም። እኛ አገር ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። በሬው የእርሻውን ሥራ ጨርሶ ቀንበር ወርዶለታል፣ ሳሩ ደግሞ እስከ ጉልበቱ ነው። ጥቅምት ላይ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ሻኛው ይቆማል። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራው ሲነሳ ማሳው ላይ ተለቆ ቃርሚያውን እየለቀመ እስከ ጥር አካባቢ ሥጋውን ይዞ ይቆያል። ከየካቲት ወዲያ ግን ሜዳው ራቁቱን ነው። የሚበላው ገለባ ነው፤ ገለባ ነፍስ ያቆያል እንጂ አያሰባም። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ሰብቶ ያየሽው በሬ ፋጉሎ፣ ፉርሽካ ወይም አተላ በልቷል። "ከሳር ሌላ አልቀመሰም" ብሎ የሚምልልሽ ነጋዴ ካለ በሬውን ተዪለትና መሐላውን ብቻ አድንቂ።

ፋጉሎ ራሱ መርዝ አይደለም። ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ነው፤ ከብት ይወደዋል፣ ቶሎ ያሰባዋል። ሦስት ወር ደጁ ላይ አስሮ የሚቀልብ ገበሬ አላታለለሽም፣ ደክሟል። በሳር ሥጋ ላይ ኦሜጋ 3 ይበዛል ሲባል የሰማሽው እውነት ነው፤ ግን ሥጋ ውስጥ ድሮም ያለው ትንሽ ነው፣ ለእሱ ብለሽ ከሆነ ዓሣ ብዪ፣ ጎርጎራ ቅርብ ነው። እኔ የሳሩን በሬ የምመርጠው ለጣዕሙ ነው። ቀይ ሥጋው ይበዛል፣ ቋንጣ ሲሆን ደግሞ ቶሎ ይደርቃል።

ወደ ቢጫው ጮማ ልመለስ። የጣልሽው ምናልባት ስትፈልጊው የኖርሽውን ነው! ለምለም ሳር ውስጥ ካሮትን የሚያቀላው ዓይነት ቀለም አለ፤ ከብቱ ሳሩን ሲግጥ ቀለሙ ስቡ ላይ ይቀመጣል። ደረቅ ገለባ የበላ ግን ስቡ ይነጣል። ዕድሜው የገፋ በሬ ጮማም ይቢጫል፣ ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የወፍ በሽታ የያዘው ከብት ቢጫነቱ ጮማው ላይ አይቆምም፤ የዓይኑ ነጭ፣ ድዱ፣ ጅማቱ ሳይቀር ይቢጫል። በቁሙ ሳለ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርጎ ማየት ነው።

አሁን ወደ ግዢው። የመጀመሪያ ጊዜ እኔም ተሞኝቻለሁ። ከገበያ፣ ከነጋዴ ነበር የገዛሁት። ጎኑ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ደስ አለኝ። ጨው አልሶ ውሃ እንዳጠጣው ማን ነገረኝ? ቤት አድሮ ሲነጋ ጎድን ጎድኑ ይቆጠራል። አፉንም አላየሁም ነበር። ታርዶ ሲበላ ጎረቤቴ ጋሼ "ይህ በሬ ከአያቴ ጋር ነው ያረሰው?" አሉኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ብቻ አላሳቀኝም።

ስለዚህ አፉን ክፈቺ፤ ወይም የሚከፍትልሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ከብት ከፊት የላይ ጥርስ የለውም፣ ድድ ነው። ከታች ስምንት አለው። የወተት ጥርሱን ሁለት ሁለት እያለ ይነቅላል፤ ሁለት የነቀለ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው፣ ስምንቱንም የጨረሰ አራት ዓመትና ከዚያ በላይ። ጥርሱ ተበልቶ ጉቶ ከሆነ የወጥ በሬ ነው፣ ለጥብስ አትመኚው። አራት ወይም ስድስት የነቀለ ካገኘሽ አትልቀቂ፤ ግን ገበሬው በዚያ ዕድሜ የሚያርስበትን በቀላሉ አይሸጥልሽም።

ሁለተኛው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። አንድ ሽማግሌ ቆላ ድባ አጠገብ፣ በሬያቸው ደረት ላይ ሜትሩን ሳዞር ዱላቸውን ተደግፈው አይተውኝ "ልጄ፣ ሱሪ ልትሰፋለት ነው?" አሉኝ። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሳንቲ ሜትር ትለኪያለሽ፤ ከዚያ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን። የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዝተሽ፣ በርዝመቱ ደግሞ አባዝተሽ ለ10840 ታካፍዪዋለሽ። የእሳቸው በሬ ደረቱ 160 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 130 ነበር፤ 307 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የእኛ አገር በሬ ታርዶ፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱና ሆድ ዕቃው ሲወጣ የሚቀረው ግማሹ ነው፤ 150 ኪሎ ከነአጥንቱ በይው። ለአሥራ ሁለት ሰው ሲመደብ ለእያንዳንዱ አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ይዘሽ ዋጋ ብትነጋገሪ ያው ሰው ነሽና ብትሸወጂም ብዙ አይደለም። ሽማግሌው ስሌቱን ስነግራቸው "በዓይኔ ያልኩህ እሱን አይደል?" ብለው ተናደዱ። እውነታቸውን ነው፣ በዓይናቸው ሦስት መቶ ብለው ነበር።

አገሩን ካልሽኝ ከጣና ዙሪያ አልወጣም፤ ደንቢያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። የፎገራ ከብት ቡሬ ነው፣ ጥቁርና ነጭ፤ ቀንዱ አጭር፣ አካሉ ግዙፍ፣ ጠባዩ የዋህ። ንጹሕ ዘሩ ግን እያነሰ ነው። ግጦሹን ሩዝ ወሰደው፣ የቀረውን አሜካላ ወረሰው፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ እምቦጭ አለ። ባሕር ዳር አጠገብ አንዳሳ የምርምር ማዕከሉ ዘሩን ለማቆየት ያረባዋል። የትልቅ እርባታ ጣቢያ ምስል ይዘሽ ግን አትምጪ፤ የምትገዢው ሁለት በሬ፣ አንዲት ላምና ጥጃ ካለው ቤተሰብ ነው። ሞኝ አይደሉም፣ የጎንደርን የቅዳሜ ዋጋ በስልክ ያውቁታል። ሳትወጪ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቂ።

ረግረግ ላይ የጋጠ ከብት አንድ ጣጣ አለው፤ የጉበት ትል። ትሉ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ሳሩ ላይ ይወጣል። አንዴ ያረድነው በሬ ጉበቱ ሲገለበጥ ቧንቧዎቹ ነጥተው እንደ ገመድ ጠጥረው ነበር፤ ቢላው ሲነካቸው ቀጭ ቀጭ ይላሉ። ጉበቱን ቀብረን ሥጋውን በላን። ገበሬው መድኃኒት ሰጥቶት ከሆነ መቼ እንደሰጠው ጠይቂ፤ በቅርብ ከሆነ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ይቆይ። ሌላው ኮሶ ነው። ሳር መብላቱ ከኮሶ አያድነውም፤ እንዲያውም ሰው ሜዳ ላይ የሚጸዳዳበት መስክ ላይ የጋጠ ይብስበታል። ምላሱን ከሥር ዳሰስ አድርገሽ ጠጠር ነገር ካገኘሽ ተዪው፤ ባታገኚም ነፃ ነው ማለት አይደለምና ቄራ አሳርደሽ ቢመረመር ይሻላል። ጥሬ የምትወዱ ቤተሰብ ከሆናችሁ ይህን እንዳታልፊው።

ለዘንድሮ ፋሲካ የምመክርሽ ደጁ ላይ አስሮ የቀለበ ገበሬ ፈልገሽ ምን እንዳበላው በግልጽ ጠይቀሽ መግዛት ነው። የሳሩን ለጥቅምት አቆዪው፤ ከኅዳር 15 በፊት፣ ጾም ሳይገባ። እኛ ያኔ እንወርዳለን። ካሉን አሥራ ሁለት ድርሻዎች አንዱ ባለቤቱ ወደ ባሕር ዳር ስለተዛወረ ባዶ ነው፤ ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ።