«ጣሪያው ዞረብኝ»፦ ማዞርና ሥር የሰደደ ሕመም አብረው ሲመጡ

ለዚህ ዕትም የተመረጡት ጥያቄዎች ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ወይም ሩማቶይድ አርትራይተስ (በዚሁ መንገድ መገጣጠሚያን የሚጎዳ ሕመም) ካለባቸውና ማዞር ከተጨመረባቸው አንባቢያን የመጡ ናቸው። በእኛ አነጋገር «አዞረኝ» የማይሸፍነው ነገር የለም። ረሃቡም አዞረኝ ነው፣ ዓይን ጭልም ማለቱም አዞረኝ ነው፣ ቤቱ ራሱ መሽከርከሩም አዞረኝ ነው። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ቃሉን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ምን ሲያደርጉ እንደጀመረና ስንት ሰከንድ ወይም ስንት ሰዓት እንደቆየ ይንገሩ። ከግማሽ በላይ ሥራው ያን ጊዜ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ሉፐስ እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስገላበጥ ጣሪያው ይሽከረከርብኛል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይተወኛል። ሲናሪዚን የሚባለውን የማዞር ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ እየዋጥኩ ነው፤ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ሉፐሱ ወደ ጭንቅላቴ ወጥቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ የገለጹልን ነገር ከሉፐሱ ይልቅ የጆሮ «ጠጠር» ይመስላል። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ከዱቄት ብናኝ የማይበልጡ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ፤ ሥራቸው ላይና ታቹን ለአንጎል ማሳወቅ ነው። ከቦታቸው ሲላቀቁ ፈሳሽ ከሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዱ ውስጥ ይገባሉ፤ ብዙ ጊዜ የኋለኛው ውስጥ። ሲገላበጡ ቅንጣቶቹ እየተንከባለሉ ፈሳሹን ይገፉታል፤ እርስዎ ተኝተው አንጎልዎ ግን ገና እየዞረ ነው ብሎ ያምናል። ቅንጣቶቹ ሲረጉ መሽከርከሩም ያቆማል። ከአንድ ደቂቃ የማያልፈው ለዚህ ነው።

ክኒኑ ያልሠራውም ለዚሁ ነው፤ የወደቀውን ቅንጣት የሚያነሳ ክኒን የለም። ሲናሪዚን ስሜቱን ያደነዝዛል እንጂ ምክንያቱን አይነካም። እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ከጥቂት ቀን በላይ ሲወሰዱ አንጎል በራሱ ሚዛኑን እንዳያስተካክል ያዘገያሉ። ሲናሪዚን ለወራት ሲወሰድ ደግሞ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ላይ እንደ ፓርኪንሰን ያለ መንቀጥቀጥና መገተር ሊያመጣ ይችላል። ለመተው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ጠጠሩን የሚመልሰው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው የራስ አዟዟር ነው። የመጀመሪያውን ጊዜ አንገት በላይ ሐኪም ወይም የሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ቢያሠራዎ ይሻላል፤ በጀርባዎ አስተኝቶ ዓይንዎ በየት በኩል እንደሚርገበገብ አይቶ የታመመውን ጆሮ ይለያልና። የቀኙ መሆኑ ከታወቀ በቤት እንዲህ ይሠራል፦

አልጋው መሃል እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ ሲተኙ ትከሻዎ ሥር የሚውል ትራስ ከኋላዎ ይሁን። ራስዎን በ45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዙሩ። እንደዞረ ፈጠን ብለው በጀርባዎ ይተኙ፤ ትከሻዎ ትራሱ ላይ፣ ራስዎ ከትራሱ አልፎ ወደ ኋላ ዘንበል ያለ። መሽከርከሩ ይመጣል፤ እስኪተው ይጠብቁ፣ ከተወም በኋላ 30 ሰከንድ ይጨምሩ። አሁን ራስዎን ቀና ሳያደርጉ 90 ዲግሪ ወደ ግራ ያዙሩ፤ 30 ሰከንድ። ቀጥሎ መላ ሰውነትዎን በግራ ጎን አዙረው አፍንጫዎ ወደ ፍራሹ ይይ፤ እንደገና 30 ሰከንድ። በመጨረሻ አገጭዎን ወደ ደረትዎ እንዳስጠጉ በግራ በኩል ቀስ ብለው ተነሥተው አልጋው ጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው እርምጃ ላይ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ሳያስበው ራሱን ከፍራሹ ያነሳል፣ ቅንጣቱም ወደነበረበት ይንሸራተታል። ሌላው፣ መሽከርከሩ ሲጀምር ደንግጦ መነሣት ነው። አጠገብዎ ሰው ይኑር፤ ሰከንዱን እሱ ይቁጠር፣ ሳፋም ይቅረብ። ከምሳ በኋላ አይሞክሩት። 24 ሰዓት ያለ ማዞር እስኪያልፍ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ ሊሠራ ይችላል። ጥቂት ቀን በጀልባ ላይ ያሉ ያህል መንሳፈፍ ቢሰማዎ አይደንግጡ፤ በሳምንት ካልተሻለ ግን ወደ ሐኪሙ ይመለሱ።

ሉፐሱ ጨርሶ የለበትም ማለት ግን አይደለም። ለሉፐስ የሚታዘዘው ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፤ ሉፐስ ያለበት ሰው ደግሞ ፀሐይ ሽሽ ስለሚባል ቫይታሚን ዲው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የኮሪያ ጥናት ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ያለ የጆሮ ጠጠር ሕሙማን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲና 500 ሚሊግራም ካልሲየም በቀን ሁለት ጊዜ ሲወስዱ ማዞሩ የሚመለስበት መጠን እንደቀነሰ አሳይቷል። ደምዎን ያስመርምሩ። ኩላሊትዎ የተነካ ከሆነ ግን ካልሲየም በራስዎ አይጀምሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ ከያዛት 15 ዓመት አልፏል። እሷም ስትገላበጥ ያዞራታል። ቪዲዮ አይቼ እኔው ላሠራት አስቤ ነበር። ይጎዳታል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቪዲዮውን ለጊዜው ያቆዩት። ይህ በሽታ ሲቆይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአንገት አጥንቶች አንድ ላይ የያዘውን ጅማት ሊያላላ ይችላል፤ እንዲህ ያለ አንገት ከትራስ አልፎ ወደ ኋላ ሲንጠለጠል የጀርባ አጥንት ገመድን ሊጫን ይችላል። ራስ ከኋላ በኩል ሥሩ ላይ የሚያማት፣ እጇ የሚደነዝዝ፣ አንገቷን ስትደፋ እንደ ኤሌክትሪክ ጀርባዋን የሚነዝራት ወይም አረማመዷ የተለወጠ ከሆነ ማንም አንገቷን አይንካ። ምልክት ባይኖርም እንኳ አንገቷ ሲጎነበስና ሲቃና የሚያሳይ ራጅ አስቀድሞ ይነሣ።

ሐኪሟ ከፈቀደ ቀለል ያለ መንገድ አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ፤ ራሷን 45 ዲግሪ ወደ ግራ አዙራ በቀኝ ጎኗ ትተኛ፣ አፍንጫዋ ወደ ጣሪያው ያዘነብላል። 30 ሰከንድ ቆይታ ትነሣ፣ ተቀምጣ 30 ሰከንድ ትረፍ፤ ከዚያ ራሷን ወደ ቀኝ አዙራ በግራ ጎኗ። ይህ አንድ ዙር ነው። ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ዙር፣ ለሁለት ሳምንት። ከኤፕሊ ይዘገያል፤ አንገት ወደ ኋላ ስለማያጥፍ ግን ለእሷ ይመረጣል። ዳሌዋን ካመማት ጋቢ አጥፋችሁ ከሥሯ አድርጉላት።

ሌሊቱን አትርሱት። ጆሮ ሲያሳስት ሚዛን የሚጠብቀው ዓይንና እግር ነው፤ መብራት በጠፋበት ምሽት ዓይኑም ይጠፋል። የእጅ ባትሪ ትራሷ ሥር ይሁን፣ እስከ ሽንት ቤት ያለው መንገድም ከምንጣፍ ጫፍና ከጀሪካን ይጽዳ።

ጥያቄ፦ ለሉፐስ ፕሬድኒሶሎን 10 ሚሊግራም አምስት ወር ወስጄ ነበር። ባለፈው ወር አልቆብኝ አንድ ሳምንት ሳልወስድ ቆየሁ። ስነሣ ዓይኔ ጭልም እያለ ያዞረኝ፣ ያስመልሰኝም ነበር። መድኃኒቱን ስጀምር ተወኝ። ጆሮዬ ነበር? (ከጂዳ)

መልስ፦ አይደለም፤ ከጆሮም የባሰ ነበር። ስቴሮይድ ከሦስትና አራት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች ሥራቸውን ይተዋሉ። መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ ወዲያው አይነቁም፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሁለት ሳምንት ክኒን በትርፍ ይያዙ፤ የማዘዣውን ፎቶ ስልክዎ ላይ ያኑሩ። በአረብኛ «ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ፣ ድንገት አይቋረጥም» የሚል ወረቀትም ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር። ትውከት ይዞዎት ክኒኑ ካልረጋ ቤት አይጠብቁ፤ በመርፌ የሚሰጥ ሃይድሮኮርቲሶን ያስፈልጋል፤ ስቴሮይድ እንደሚወስዱ ገና በሩ ላይ ይናገሩ።

እንዲህ ያለውን ማዞር በግፊት መለኪያ ማወቅ ይቻላል። አምስት ደቂቃ ተኝተው ይለኩ፤ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ እንደገና። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ጉዳዩ የግፊት ነው።

ጥያቄ፦ በሰሙነ ሕማማት መስገድ እችላለሁ?

መልስ፦ የጆሮ ጠጠር ላለበት ሰው እያንዳንዱ ስግደት ማዞሩን የሚቀሰቅስ እንቅስቃሴ ነው፤ ከጾሙ በፊት ይታከሙ። ስቴሮይድ የሚወስዱ ከሆነ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጠውን ክኒን እስከ 9 ሰዓት ማቆየት አይገባም። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ራስን ዝቅ ማድረግ ብቻ የሆነው አድንኖ ለታመመ ሰው አለ። ሙስሊም አንባቢዎቻችንም ወንበር ላይ ተቀምጠው መስገድ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከማዞሩ ጋር አንድ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ስልክ በዚያ በኩል አይሰማኝም። ሲብስ ሦስት አራት ሰዓት ይቆያል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ የጠጠር አይደለም፤ ጠጠር መስማትን አይነካም። መስማትዎ በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የቀነሰ ከሆነ ዛሬውኑ አንገት በላይ ሐኪም ይዩ፤ የስቴሮይድ ሕክምናው በይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። በሳምንታት ውስጥ ሁለቱም ጆሮዎች እየደከሙ ከሄዱ የሰውነት መከላከያው ራሱ ውስጠኛውን ጆሮ እያጠቃ ሊሆን ይችላል፤ ዓይንም አብሮ ከቀላና ካመመ ይበልጥ ያስቸኩላል። የመስማት ምርመራ ይጠይቁ፣ ውጤቱንም ለሩማቶሎጂ ሐኪምዎ ያሳዩ። ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ጆሮ ውስጥ አይግባ። ማዞሩ ሳያቋርጥ ቆይቶ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ሳይደገፉ መቆም ካቃተ የስትሮክ ምልክት ነውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ሉፐስ ያለበትን ሰው በወጣትነቱም ቢሆን ሊያጋጥመው ይችላል።

ለኢንፌክሽን ጄንታማይሲን መርፌ ሲታዘዝልዎ ደግሞ ዝም አይበሉ። ይህ መድኃኒት የሚዛን ሴሎችን ለዘለቄታው ሊገድል ይችላል፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ይበረታል። «የውስጥ ጆሮ ችግር አለብኝ፣ ኩላሊቴም ይታይ» ብለው ሌላ አማራጭ ይጠይቁ፤ በሕክምና ካርድዎ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ያስጽፉት።