የባስ አጥማጅ ትዕግሥት ከምን ይመነጫል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ለሥራ ወደ ናይሮቢ ስመላለስ ባልደረቦቼ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ እየወሰዱ ባስ የተባለውን ዓሣ በዘንግ ማጥመድ አስለመዱኝ። እነርሱ ሲይዙ እኔ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። ማታለያውን (መንጠቆው ላይ የሚደረገውን ሐሰተኛ ምግብ) ቶሎ ቶሎ እቀያይራለሁ፣ ቦታም እለዋውጣለሁ፤ እነርሱ ግን «ታገሥ፣ በራስህ ተማመን» ከማለት በቀር የሚነግሩኝ የለም። ትዕግሥትና መተማመን በእርግጥ ዓሣ ያስይዛሉን? ወይስ ማጽናኛ ብቻ ናቸው?

መልስ፦ ያስይዛሉ፤ ይሁን እንጂ መቅደም ያለበት መተማመኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓሣው በአካባቢው መኖሩን ያላመነ ሰው መታገሥ አይሆንለትም፤ ቢታገሥም ተቀምጦ ይውላል እንጂ አያጠምድም። ልበ ሙሉነት ደግሞ በምኞት ሳይሆን የዓሣውን ጠባይ በማወቅ የሚገኝ ነው።

አዲስ አበባ ለገበያ ቀርቦ የምናየው ዓሣ በአብዛኛው ከዝዋይ፣ ከጫሞና ከጣና የሚመጣ፣ በመረብ የተያዘ ነው። መረብ የሚጥል ሰው ማታ ዘርግቶ፣ ቤቱ አድሮ፣ ጠዋት ሊያነሣ ይችላል። በዘንግ ባስ የሚያጠምድ ሰው ትዕግሥት ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል፤ እጁም ዓይኑም ለአፍታ ሥራ አይፈቱም።

ባለ ትልቅ አፍ የተባለው ይህ ባስ የትውልድ ውኃው ሰሜን አሜሪካ ሲሆን፣ ናይቫሻ የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሰው እጅ ነው። አድብቶ የሚያድን ዓሣ በመሆኑ ገላጣ ውኃ ላይ ከመዞር ይልቅ በውኃ ውስጥ ሣር፣ በደንገል ዳርቻ ወይም በወደቀ ግንድ ሥር ተጠግቶ የሚያልፈውን ይጠባበቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ማታለያውን ከደንገሉ ጥግ ሲጥል በግምት አይጥልም፤ ስለዚህም ቀስ ብሎ ይስባል እንጂ አይቸኩልም።

መተማመን በተግባር የሚፈተነው ግን ዓሣው በሚነካበት ቅጽበት ነው። ባስ አፉን በድንገት ከፍቶ ምግቡን ከውኃው ጋር ወደ ውስጥ ይምገዋል፤ ሐሰተኛ መሆኑ ከተሰማውም ወዲያው ይተፋዋል። የፕላስቲክ ትል እያሰመጡ ሲያጠምዱ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ጉተታ አይደለም። ክሩ አንዴ ትክ ይላል፣ ወይም ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ወይም ትሉ ታች ሳይደርስ ክሩ ይላላል። «እዚህ ዓሣ የለም» ብሎ የደመደመ ሰው በዚያች ቅጽበት ሐሳቡ ሌላ ጋ ስለሚሆን፣ ዓሣው ነክቶ መሄዱን እንኳ ሳያውቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። የእርስዎም ችግር በአብዛኛው ይኸው ይመስለኛል።

ስለዚህ ለአንድ ሙሉ ቀን ሁለት ማታለያዎች ብቻ ይያዙ፤ አንዱ ወደ ታች የሚሰምጥ፣ ሌላው ከላይ ፈጠን ብሎ የሚሳብ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት 10 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ባስ ይዞ ለረጅም ዘመን ብቻውን የክብረ ወሰን ባለቤት የነበረው ጆርጅ ፔሪ፣ በዕለቱ ከጓደኛው ጋር የሚጋሩት አንድ ዘንግ ብቻ እንደነበራቸው ይነገራል። ማታለያ በተለወጠ ቁጥር የአሳሳቡ ፍጥነትና የሚሰጠው ስሜት አብሮ ስለሚለወጥ፣ እጅዎ አንዱንም ሳይለምድ ቀኑ ይመሻል።

ይህ ማለት ግን አንድ ቦታ ሙጭጭ ማለት አይደለም። በአንድ ጥግ በተለያየ ጥልቀትና ፍጥነት ሞክረው ምንም ካልተሰማዎት ያለ ጸጸት ይሂዱ። ደግሞም በናይቫሻ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ካርፕ የተባለው ዓሣ እጅግ ስለተራባ፣ ባስ ሳያገኙ የሚያልፉትን ሰዓታት ሁሉ የእርስዎ ጉድለት አድርገው አይቁጠሩ። ሐይቁ ጉማሬ ያለበት መሆኑንም አይርሱ፤ ከጀልባ ወርደው ወደ ደንገሉ በእግር አይግቡ።

እስከሚቀጥለው ጉዞዎ ፒያሳም ሆነው ሊለማመዱ ይችላሉ። ግቢ ካለዎት መንጠቆ የሌለው ትንሽ እርሳስ (ክሩን የሚያከብደውን ብረት) ክሩ ላይ አስረው ራቅ ብሎ ወደተቀመጠ ሳፋ ይወርውሩ። ከዚያም እርሳሱን በሣር፣ በጠጠርና በሲሚንቶ ላይ ቀስ አድርገው እየሳቡ፣ ዓይንዎን ጨፍነው በየትኛው ላይ እንደሚያልፍ በጣትዎ ለመለየት ይሞክሩ።